በምሥራቁ በኩል የገረጣው ዛፍ

ካሱን በአርባ ምንጭ ሆስፒታል የሬሳ ክፍል ውስጥ በሲሚንቶ መደብ ላይ በሆዱ አስተኝተውታል። የራስ ቅሉ ከኋላ ስለተፈለጠ በጀርባው ማስተኛት አልተቻለም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የእርሻ ቢሮ ባለሙያ ነበር። ከጨንቻ በላይ ያለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር የፖም እርሻ አፈር ሊመረምር ወጥቶ፣ ትናንት በጭነት መኪና ሬሳው ወረደ።

መርማሪው ሻምበል ደበሌ ቁስሉን ብዙ አላየውም። ረጅም፣ ቀጭንና ለንግግር የማይቸኩል ሰው ነው። ሲጠይቅ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ሲያዳምጥ ነው ይሉታል የሚያውቁት። የሟቹን ልብስ አንድ በአንድ ፈተሸና ከሸሚዙ የደረት ኪስ ሁለት የፖም ቅጠሎች አወጣ። አንዱ ጤነኛ ነው። በሌላው ላይ ግን ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ሁሉ ቢጫ ሆኗል።

«ይኼ ምንድን ነው?» ሲል የሬሳ ክፍሉን ሠራተኛ ጠየቀው።

«ቅጠል ነዋ፣ ሻምበል።»

«ቅጠልነቱንማ አየሁት። አፈር የሚመረምር ሰው ኪስ ውስጥ ግን አፈር ነበር የምጠብቀው።»

ይህን ሲል ለስልክ ተጠራ። የጨንቻው ካድሬ ነበር፤ ድምፁ እንደ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል።

«ጓድ ሻምበል፣ ጉዳዩ አልቋል! ገዳይዋ ተይዛለች። ዘሪቱ ትባላለች፤ ባሏ አብዮቱን ከድቶ ወደ ኬንያ የጠፋ ነው። የገደለችበት ዶማ ከነደሙ ተገኝቷል። ነገ ጠዋት መኪና መጥቶ ይወስዳታል። አንተ መጥተህ መፈረም ብቻ ነው።»

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ያ መኪና የወሰደው ሰው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጠያቂውም ተከትሎ ይሄዳል። ደበሌ ስልኩን ዘጋና ቅጠሎቹን በወረቀት ጠቅልሎ ወደ እርሻ ቢሮ ሄደ።

የአፈር ላቦራቶሪው ኃላፊ ውብአየሁ ከካሱ ጋር አብራ የተማረች ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ቢጫውን ቅጠል እንዳየችው ግን ለቅሶዋን ትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

«ማግኒዚየም የተራበ ዛፍ ነው» አለች። «ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ይጀምራል። ዛፉ ከአሮጌው እየቀማ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ነው።»

«አፈሩ ድሃ ነው ማለት ነው?»

«መሆን አልነበረበትም። የጨንቻን አፈር ዝናቡ አጥቦ አጥቦ ኮምጣጣ አድርጎታል። ያንን የሚያበርድ የድንጋይ ዱቄት በየዓመቱ እንልክላቸዋለን። ግራጫ ነው፤ ዶሎማይት ይባላል፤ ካልሲየምም ማግኒዚየምም አለበት። ሁለቱ እንደ ጣውንት ናቸው፣ ሻምበል። አንዷ ከበዛች ሌላዋን ደጅ ታስቀራታለች። በአንድ ዛፍ ሥር ካልሲየም ብቻ ከተከመረ፣ ማግኒዚየም አፈሩ ውስጥ እያለም ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል።»

«ካልሲየም ብቻ ያለው የቱ ነው?»

«ነጭ ኖራ። ግድግዳ የሚቀባው። እኛ ግን ነጭ ኖራ ወደዚያ ልከን አናውቅም።» ቅጠሉን መልሳ ሰጠችው። «ካሱ በስልክ፣ ‹ከእርሻው ሁሉ የታመመው አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ ሥሩን ቆፍሬ ሳላይ አልወርድም› ብሎኝ ነበር።»

ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ የአሲድ ጠርሙስ አንስታ ሰጠችው። «አፈሩ ላይ ጠብ ያድርጉት። ግራጫው ብዙም አይነቃነቅም፤ ነጩ ግን ወዲያው ይንተከተካል። እጅዎን እንዳይነካዎት።»

የጨንቻ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ከኋላ ቀርቶ መኪናው ጉም ውስጥ ሲገባ፣ ደበሌ ካፖርቱን ለብሶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። በማሳው ላይ ወንዶች ተሰልፈው በባለ ሁለት ጥርስ ዶማ አፈሩን ይገለብጣሉ። ሴቶች ደግሞ የእበትና የአመድ ቅርጫት አዝለው በእንሰቱ መሃል ይመላለሳሉ። በመንደሩ መግቢያ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ቆሟል። ፊቱና ሁለት ጎኑ ነጭ ተቀብቷል፤ ጀርባው ግን ጭቃ እንደሆነ ቀርቷል። ደበሌ ወርዶ አዳራሹን አንዴ ዞረው። ከነጩ ግድግዳ በጥፍሩ ፍቆ አሲዱን ጠብ አደረገበትና አረፋውን አየ።

ዘሪቱ የታሰረችው በዚያው አዳራሽ ዕቃ ቤት ነው። እጇ በገመድ ታስሯል። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ሰው አልገደልኩ።»

«ዶማው ግን የቤትሽ ነው።»

«የሀይሌ ነው፣ የባሌ። እሱ ከሄደ ደጃፍ ላይ ተሰቅሏል። ማንም አልነካ።»

«አንቺስ አትቆፍሪበትም?»

ዘሪቱ ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከትልቅ ሰው አልጠበቀችም። «እኔ ሴት ነኝ» አለች።

ደበሌ ወደ እሷ ዝቅ ብሎ፣ «ዛፉንስ ታውቂዋለሽ?» አላት።

«ሀይሌ የሚወደው ዛፍ ነው። የእርሻው ጠባቂ ነበረ እሱ። ዛፏ ታመመ፣ ጌታዬ፤ ገረጣ። አሳዘነኝ። እበት አመጣሁለት፣ አመድ አመጣሁለት። አልዳነ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከዳተኛ ነው ይላሉ። ጎረቤት ደጄን አይረግጥም። ሀይሌ እኔን ጥሎ አይሄድም ነበር። ራሴ የፈተልኩለትን፣ ራሱ የሸመነውን ዱንጉዛ ሱሪ ለብሶ ወጣ፤ ማታ ይመለሳል ብዬ እራት ሠራሁ። ነገ መኪናው ሲወስደኝ፣ እሱ ቢመጣ ማን ይነግረዋል?»

ደበሌ በማያውቀው ነገር ተስፋ መስጠት አይወድም። ገመዱን እንዲያላሉላት ብቻ አዝዞ ወጣ።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ማርቆስ ጉልበተኛ፣ በሰው ፊት ግን እጁን የሚያስቀምጥበት የሚጠፋው ገበሬ ነው። የካድሬውን ቃል ደገመ።

«ሴትየዋ ናት፣ ጓድ ሻምበል። ተጣርቷል።»

«ማን አጣራው?»

«ከላይ… ተባለ።»

«ካሱ ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ የት በላ?»

«እኔ ቤት። እኔ፣ የእርሻው ጠባቂ ዳና፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዓባይ አብረን በላን። ዘሪቱ ነች ያቀረበችው፤ ከማኅበሩ ስለተባረረች ለእንግዳ ሥራ እንጠራታለን። ‹ነገ ማለዳ የታመመውን፣ የአራተኛውን ዛፍ ሥር እቆፍራለሁ› ሲል ሁላችንም ሰማን።»

«እሷ እዚህ ስታቀርብ ቤቷ ማን ነበረ?»

«ማንም።»

«የአዳራሹን ጀርባስ ለምን ሳትቀቡት ቀረ?»

ማርቆስ ከግድያ ወደ ግድግዳ የዞረውን ጥያቄ አልወደደውም። «የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ ለአብዮት በዓል። ኖራው አለቀ ተባለና ቀረ።»

ዳና ፖሞቹ መካከል ቆሞ ጠበቀው። ቤተ ጸሎታቸው እስኪዘጋ ድረስ ወንጌል ሰባኪ ነበር፤ አሁን ዛፍ ይጠብቃል። ሬሳውን እዚሁ ያገኘው እሱ ነው። ዛፎቹ ጥንት ሚስዮኖች የተከሏቸው ናቸው፤ በጉሙ ውስጥ ጥቋቁር ሆነው ይታያሉ። አራተኛው ዛፍ ብቻ ገርጥቷል፤ እሱም ሁሉም አይደለም፤ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉት ቅርንጫፎች ብቻ።

ደበሌ በምዕራብ በኩል ካለው አፈር ቆንጥሮ አሲዱን ጠብ አደረገ። ምንም አልተሰማም። በምሥራቅ በኩል እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከጥልቁ አወጣና ጠብ አደረገ። አፈሩ እንደ በሰለ ጠላ ተንተከተከ። ዳና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ግራጫውን ዱቄት ለዛፎቹ የሚሰጠው ማነው?» አለ ደበሌ።

«ሴቶቹ ናቸው፣ ሻምበል። እንደ አመድ በቅርጫት ያመጡትና ከግንዱ ራቅ አድርገው ዙሪያውን ይበትኑታል። ለሥሩ ጫፍ ነው እንጂ ለግንዱ አይሰጥም።»

«ሀይሌ እንዴት ጠፋ?»

ዳና ግራ ቀኙን አየ። ዛፍ እንኳ ጆሮ የነበረው ዘመን ነው። «እኔ ያየሁት የለም። ሲሳፈር አየሁ ያለው ዳይሬክተሩ ነው። ግን ልንገርዎት። የጠፋው ለመስቀል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ለመስቀል ከየትም አገር ወደ ቤቱ የሚመለስ የጋሞ ሰው ነው እንጂ፣ መስቀል ሊገባ ሲል ቤቱን ጥሎ የሚሄድ አይቼ አላውቅም።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ታናሽ ወንድሙ በሰባ ተወስዶ አልተመለሰም። ማን እንደጠቆመበት ደረስኩበት ብሎ ሽማግሌዎቹን ዱቡሻ ጥሩልኝ ሲል ለመነ። ዱቡሻ ሸንጎአችን ነው፣ ሻምበል፤ እዚያ ቆሞ የሚዋሽ የለም፤ በዘሩ ላይ ጎሜ ይወርዳል፣ እርግማን ማለት ነው። የሰውየውን ስም እዚያው እናገራለሁ አለ። ሸንጎው ሳይቀመጥ ጠፋ።»

ዳይሬክተር ዓባይ ከሁሉም ይልቅ ትሑት ሆኖ ተቀበለው። ከሰሜን የመጣ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቃላቱን የሚመርጥ ሰው ነው። ሰባት ዓመት እዚህ ኖሯል፤ ወንበር ስቦ ደበሌን አስቀመጠው።

«ምስኪን ሴት ናት» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ግን ሻምበል፣ ሆድ ሲብስ ሰው ምን የማያደርገው አለ? ባሏ ጥሏት ጠፋ። መንግሥትን ጠላች። የመንግሥት ሰው ስታገኝ የባሏን ዶማ አነሳች።»

«ሀይሌ ሲጠፋ አየኸው አሉ።»

«በዓይኔ በብረቱ። ከታች መንገዱ ላይ ወደ ሞያሌ በሚሄድ ከባድ መኪና ሲሳፈር። በማግሥቱ ለማኅበሩ አመለከትኩ። ጓደኛዬ ነበር፤ ቢሆንም ከአብዮቱ የሚበልጥ የለም።»

«ከባድ ነው፣ ጓደኛን መጠቆም።»

«ከባድ ነው» አለ ዓባይ። ከዚያ ፊቱን አፈካ። «ለጓድ ካሱ ግን መታሰቢያ ልናቆምለት ነው። ተማሪዎቹ ድንጋይ እየሰበሰቡ ነው። እዛፉ ሥር፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል፣ ሰፊ የሲሚንቶ መደብ ይደረጋል።»

«መልካም ሐሳብ ነው» አለ ደበሌ፣ ተነሥቶም ጨበጠው።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናው ከመድረሱ በፊት ደበሌ ሁሉንም አራተኛው ዛፍ ሥር ሰበሰባቸው። ዘሪቱ ታስራ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ቆመች። ማርቆስ፣ ዳናና ዓባይ ከፊት ሆኑ። ከኋላቸው የመንደሩ ሰው ቅርጫቱንና ዶማውን እንደያዘ ራቅ ብሎ ቆሟል። ጉሙ ቅርንጫፎቹ ላይ ተኝቷል፤ ሰው ሲያስል እንኳ አፉን ይሸፍናል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ ደበሌ። «ካሱ የዚህን ዛፍ ሥር ሊያይ ነበር። እሱ ስላልታደለ እኛ እናያለን። ቆፋሪዎች፣ በዚህ በኩል ጀምሩ።» በእጁ ወደ ምዕራብ አመለከተ።

አራት ወንዶች መቆፈር ጀመሩ። አፈሩ ሲገለበጥ ማርቆስ ጉድጓዱን አየ፤ ዳና አየ፤ ዘሪቱም አንገቷን ሰግጋ አየች። ደበሌ ጉድጓዱን አላየም። ዓባይን ነበር የሚያየው። ዓባይ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለውን፣ ዶማ ገና ያልነካውን መሬት እያየ ነበር።

«በቃ» አለ ደበሌ። «አሁን በወዲያኛው በኩል ቆፍሩ።»

የዓባይ ፊት አመድ መሰለ።

«እነሱ ሲቆፍሩ እኔ ልናገር። ካሱ ኪስ ውስጥ ቢጫ ቅጠል አገኘሁ። ካልሲየም በዝቶበት ማግኒዚየም የተነፈገ የዛፍ ቅጠል ነው። ሴቶቹ ለዛፎቹ ሁሉ የሚበትኑት ግራጫ ዱቄት ሁለቱንም ይዟል፤ ስለዚህ ሌላው ዛፍ ሁሉ ደህና ነው። እዚህ ነጭ ኖራ ገብቷል። ያመጣው ሰው እንደ ሴቶቹ አልበተነውም፤ በአንድ ጎን፣ በጥልቅ፣ ከግንዱ ሥር ከመረው። ለዛፉ አልነበረም ማለት ነው። ማርቆስ፣ ነጭ ኖራ ወደዚህ መንደር ስንቴ መጣ?»

«አንዴ» አለ ማርቆስ። «ለአብዮት በዓል፣ የዛሬ ሁለት ዓመት።»

«ሀይሌ የጠፋው መቼ ነው?»

«በዚያው… በዚያው ሰሞን።»

«ኖራው የት ተቀመጠ? አለቀ ያላችሁስ ማነው?»

ማርቆስ ቀስ ብሎ ወደ ዓባይ ዞረ። «ትምህርት ቤት ነበር የተቀመጠው። አለቀ ያለን… ዳይሬክተሩ ነው።»

«ይህ ተንኮል ነው!» አለ ዓባይ። «ዶማው የእሷ ነው። ደም አለበት!»

«ዶማው ነው ያጋለጠህ» አለ ደበሌ፣ ድምፁን ሳይጨምር። «ገዳዩ ይህች ሴት ማርቆስ ቤት እራት ስታቀርብ ቤቷ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ዶማውን ከደጃፏ ወሰደ። የገበሬ ሚስት ናትና ዶማ ይስማማታል ብሎ አሰበ። ዳና፣ በዚህ አገር ሴት በዶማ ስትቆፍር አይተህ ታውቃለህ?»

«አይቼ አላውቅም። መቆፈር የወንድ ነው። ሴት የምታዝለው ቅርጫት ነው።»

«እዚህ የተወለደ ሰው ይህን ልጅ ሆኖ ያውቀዋል። ማርቆስ ሴትን ለመወንጀል ዶማ አይመርጥም፤ ዳናም አይመርጥም። ሰባት ዓመት እዚህ ኖሮ ማን ቆፍሮ እንደሚያበላው ያላየ አንድ ሰው ብቻ አለ። መንደሩ ውሸት መሆኑን ገና ዶማውን ሲያይ አውቋል፤ የሚናገር ግን አልተገኘም።»

የመንደሩ ሰው መሬት መሬት አየ።

«ያው ሰው ሀይሌ ወደ ሞያሌ ሲሳፈር አየሁ አለ፤ ከእሱ በቀር ያየ የለም። የጋሞ ሰው መስቀል ሊገባ ሲል ቤቱን ጥሎ እንደማይሄድም አላወቀም። ሀይሌ ዱቡሻ ላይ ቆሞ፣ ወንድሜን ያስገደለው ጠቋሚ እገሌ ነው ሊል ነበር። ትናንት ደግሞ ይኸው ሰው እዚህ ላይ፣ በምሥራቅ በኩል ሲሚንቶ አፈስሳለሁ አለኝ።»

የአንዱ ቆፋሪ ዶማ ነጭ ነገር ላይ አረፈ። ሰዎቹ ዶማቸውን ጥለው በእጃቸው መጥረግ ጀመሩ። ነጩ ኖራ እንደ ቅርፊት ደርቆ ነበር። አንድ ጥግ ሲነሣ ከሥሩ ጨርቅ ታየ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ዱንጉዛ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

«አልበላውም?» አለ ዓባይ። ለራሱ የተናገረው መስሎት ነበር፤ ሁሉም ሰማው።

«ኖራ ሬሳ አይበላም» አለ ደበሌ። «ያቆያል። ይበላል ሲባል ሰምተህ ነው እንጂ ሞክረህ አታውቅም ነበር።»

አብዮት ጠባቂዎቹ ዘሪቱን ለቀው ዓባይን ያዙት። አልታገለም። ማርቆስ ራሱ ሄዶ ገመዱን ከዘሪቱ እጅ ፈታ፤ ቋጠሮው አልፈታ ሲለው በጥርሱ ሳበው።

«ነፃ ነሽ፣ እህቴ» አላት። «ሂጂ ቤትሽ ግቢ።»

ዘሪቱ አልሄደችም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ የጨርቁን ጥለት በጣቷ ዳበሰችው። የራሷን ፈትል አወቀችው። ዳና ሊያነሣት ጎንበስ ሲል እጁን ገፋችው።

«እበቱን» አለች። «እበቱን እሱ ላይ ነው የደፋሁት?»

ደበሌ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሴትዮዋን ከሞት አድኗታል፤ ያዳናት ግን ይህን አሳይቶ ነው። ይህንን ሲያስብ ደስታም እፎይታም አልተሰማውም።

ዘሪቱ ተነሥታ ወደ መንደሩ ሰው ዞረች። አላለቀሰችም። በአማርኛም አልተናገረችም፤ በራሷ ቋንቋ፣ ሁሉም እንዲገባው አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች። ዳና አጠገቡ ለቆመው ሻምበል በሹክሹክታ ተረጎመለት።

«‹ሁለት ዓመት ደጄን አልረገጣችሁም› ነው የምትለው። ‹የከዳተኛ ሚስት ናት አላችሁ። ባሌ የትም አልሄደም፤ እዚሁ መካከላችሁ ነበር። ሰው ሞቶብኛል። አልቅሱልኝ።›»

መጀመሪያ አንዲት ያረጀች ሴት ቅርጫቷን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ጉድጓዱ መጣች፣ ዘሪቱን አቅፋ ጮኸች። ሌሎቹም ተከተሏት። ካድሬው የላከው መኪና ሲደርስ የመንደሩ ሰው በሙሉ እያለቀሰ ነበር፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመኪናው ወርዶ፣ ማን እንደሞተ ጠየቀ።